ጉንጬን ያስሞላሁበት ዓመት

ይህን የምጽፈው ፊቱ ለጎደለበት ሰው ነው። ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ፣ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ መስተዋት ሲያይ የማያውቀው ሰው የሚመለከተው ካለ፣ ከእኔ የሚሰማው ነገር አለ። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ዳዊት ለመድገም ያህል ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጠርሁ፤ የቀረውን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አገኘሁት። ቃሌ ቢንዛዛ ታገሡኝ። በባሕርዬ የምቸኩል ሰው አይደለሁም። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ቸኮልሁ፤ የምነግራችሁም እሱን ነው።

አገሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ አመርታለሁ። ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ባጃጅ ወደ ከተማችን መግባት በጀመረበት ሰሞን ነበር። ያን ዓመት ልጄ ማስተዋል ታጭታ ነበር። ያጫት የአያ ስሜነህ ልጅ ነው። አያ ስሜነህ ደግሞ የማኅበር ወንድሜ ነው፤ በየወሩ በዐሥራ ሁለት ሚካኤልን አብረን እንዘክራለን። ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ የቀረን እህሉን አስገብቶ ጠላውን መጥመቅ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በመብላት ነው ብል ትስቁ ይሆናል። ግን እንዲያ ነው። በሰኔ፣ እርሻው በጠናበት ጊዜ፣ ረኃብ ያዘኝ። ሦስት እንጀራ በልቼ ተነሥቼ ሞፈር ሳልይዝ ይርበኛል። ባለቤቴ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር።

"አንቱ፣ ይህ ሁሉ የት ይገባል? ከውስጥ ሌላ ሰው አለ እንዴ?" ትለኛለች።

እኔም እስቃለሁ። እየበላሁ ከሳሁ እንጂ አልወፈርሁም። ሱሪዬን በገመድ አሰርሁ። በሐምሌ ብርድ፣ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ እኔን ያልበኛል። ልቤ ተቀምጬ ሳለ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ይመታል። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዳጉሳ ስዘራ ዘሩ ከጣቴ ሳልፈልግ ይፈስሳል። ያን ጊዜ ጥሩወርቅ መሳቋን ተወች። ስበላ ፊቷን ታዞራለች። በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ያቺ በቀልድ የተናገረቻት ቃል እውነት እየመሰለቻት ትፈራ ነበር።

ከዚያ ፊቴ ሄደ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ሄደ። ጉንጬ ላይ የነበረው ሥጋ በየሳምንቱ እየቀነሰ፣ ዓይኔ እየፈጠጠ፣ አጥንቱ ብቻ ቀረ። ፍኖተ ሰላም ጢሜን የሚላጨኝ ሰው፣ "ጋሼ፣ ጉንጭዎን ከውስጥ ይንፉት፣ ምላጩ ጉድጓድ ውስጥ ይገባብኛል" አለኝ። ነፋሁለት። በመስተዋቱ ውስጥ ጉንጬ ሲሞላ ለአንዲት ቅጽበት የድሮ ፊቴ ተመለሰ። ስተነፍስ ሄደ። ያቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ያሳተችኝ እሷ ናት።

ሕክምናም አልተውሁም። አንዱ ክሊኒክ የሆድ ትል ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። ሌላው ታይፎይድ ነው አለ። ሌላው ጨጓራ አለ፣ በርበሬ ተው አለኝ፤ በርበሬ የምሸጥ ሰው በርበሬ ተውሁ። በየክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ከጎኔ ያለው ሰው ቀስ እያለ ፈቀቅ ይላል። አንዲት ሴት ልጇን ከእኔ በኩል አንሥታ በሌላው ጭኗ ስታስቀምጥ አይቻለሁ። አልተቀየምኋትም። ጠበልም ሰባት ቀን ገባሁ። የሚጮህ ነገር አልወጣም። አጥማቂው ቄስ ደግ ሰው ነበሩ፤ "ልጄ፣ ይህ የሚጮህ አይደለም። ዝም ብሎ የሚበላ ነው። ሐኪም ፈልግለት" አሉኝ።

ሰው ለምን እንደ ሸሸኝ ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ አያልነህ ወታደር ነበር። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን በእግሩ አገሩ ገባ። ሙሉ ፊት፣ ጉንጨ ድፍን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው። ጥቂት ዓመት ከእኛ ጋር አርሶ፣ ቀስ በቀስ መነመነ። በዚያን ጊዜ ስለዚያ በሽታ የምናውቀው ፍርሃቱን ብቻ ነበር። በእኛ ማኅበር ደግሞ ዳቦው ከተባረከ በኋላ የመጀመሪያው ዋንጫ አንድ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። አንዱ ያስተረፈውን ሌላው ይጠጣል፤ ማኅበር ማለትም ይኸው ነው። አያልነህ ከቀመሰ በኋላ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሌላ ሰው ከሚያሳፍረው እኔ ልቅደም ብዬ፣ እኔ የእናቱ ልጅ፣ በሚቀጥለው ወር ከፊቱ ጣሳ አስቀመጥሁለት። ጣሳውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ጠጣ። ሁለት ወር በጣሳው ጠጣ። በሦስተኛው አልመጣም። በፍልሰታ ቀበርነው። ጣሳውን ጥሩወርቅ ከቆጡ ላይ ሰቀለችው፤ ልትጥለውም ልትጠጣበትም አልደፈረችም።

እንግዲህ የእኔ ጉንጭ ሲገባ፣ ያ በሽታ ከዚያ ቤት አልወጣም ተባለ።

በመስከረም ዐሥራ ሁለት ዋንጫው ደረሰኝ። ጠጥቼ ለአያ ስሜነህ አቀበልሁ። አነሣው፣ ከአፉ አደረሰው፣ ጢሙንም ጠረገ። ጉሮሮው ግን አልተንቀሳቀሰም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሆዴን አሞኛል ብሎ አሳለፈው። በጥቅምት ከፊቴ አዲስ ብርጭቆ ተቀምጦ አገኘሁት፤ የፋብሪካው ወረቀት እንኳ ከቂጡ አልተላጠም። በዚያው ሳምንት አያ ስሜነህ ሽማግሌ ልኮ፣ ሰርጉን ከጥር ወደ ፋሲካ ማግስት ብናሳልፈው ምን ይመስልዎታል አለኝ። ሽማግሌው ምክንያቱን አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እስከ ፋሲካ ሰውየው ይሞታል ወይ ይድናል፣ እንየው ማለቱ ነው። ማስተዋል ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ወጥታ እግሬን ልታጥበኝ ውኃ አቀረበች። ልጄ በእኔ ፊት ምክንያት ልትቀር ነው።

ተመረመርሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜን ሰጠሁ፤ ነፃ ነህ ተባልሁ፣ ወረቀትም ያዝሁ። ወረቀቱን ለማን ላሳይ? በአገሬ ሰው የሚያነበው ፊቴን ነበር።

በኅዳር መጀመሪያ በርበሬ ልሸጥ ቡሬ ወረድሁ። አንዲት የማውቃት ነጋዴ ሴት አለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ አያንስም። ዐምና ጥርሷ ወልቆ ጉንጯ ተሰርጉዶ ነበር። ያን ቀን ፊቷ ድፍን ብሏል። ምን በላሽ ብላት ሳቀች። ስትስቅ ከከንፈሯ በስተቀር የተንቀሳቀሰ ነገር አልነበረም፤ ይህንን ያየሁት ግን ቆይቼ ሳስበው ነው። ድሬሰር አለ አለችኝ። የድሮው ጦር ቁስል አሻሪ ነበረ፣ ኋላ ሱዳን ኖሮ የመጣ። ፊት የሚሞላ መርፌ አለው። የአዲስ አበባ እመቤቶች የሚወጉት ነው አለችኝ። በሚቀጥለው ገበያ ተመልሼ መጣሁ።

ከገበያው ጀርባ፣ ከመድኃኒት መሸጫ በስተኋላ፣ መጋረጃ የተጋረደባት አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ማንም ማንንም አያይም። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ድሬሰሩ ጨዋ፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ስለ ረኃቤ አልጠየቀኝም። ስለ ልቤም አልጠየቀኝም። የድሮ ፎቶ አለዎት ወይ ብቻ አለኝ። የቀበሌ መታወቂያዬን አወጣሁ። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄዶ ረጅም ጊዜ አየው።

"ይህን ሰው እመልሰዋለሁ" አለኝ።

ጠርሙሱ ጽሑፍ የለውም። ውስጡ ያለው ነገር ወፍራም ነው፤ እንዲቀጥንለት ብብቱ ሥር ይዞ አሞቀው። አጣድፌው ነበር፤ ገበያ ሳይበተን አገሬ ልግባ ብዬ። መርፌው ሲገባ ብዙም አላመመኝም። ግን ሰማሁት። ከጉንጬ ውስጥ፣ ከጆሮዬ አጠገብ፣ በግ ሲገፈፍ ቆዳው ከሥጋው የሚላቀቅበትን ድምፅ ሰማሁ። በግራ ወጋኝ፣ በቀኝ ወጋኝ፣ በአውራ ጣቱ እንደ ሊጥ አስተካከለኝ። ከዚያ መስተዋት ሰጠኝ።

የመታወቂያው ሰው አልነበረም። በመስተዋቱ ውስጥ አያልነህ ተቀምጧል።

እኔና እሱ ከልጅነት ጀምሮ አንመሳሰልም ነበር፤ እሱ ክብ፣ እኔ ረጅም። ጉንጬ ሲሞላ ግን በአጥንታችን አንድ ሆነን ተገኘን። ድሬሰሩ አማረብዎት አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ለዚህ አንዲት ጊደር አስቀድሜ ሸጬ ነበር።

ቤቴ ስደርስ በቅሎዬ አጥር ውስጥ ቆማለች። አየችኝና አፍንጫዋን ነፍታ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ገመዷን እስክትበጥስ ጎተተች። ሳናግራት ጆሮዋን አቀናች። ድምፄን አውቃ ፊቴን አላወቀችም። የቱን እንደምታምን ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች። ጥሩወርቅ በደጃፉ ብቅ አለች፣ ተመልሳም ገባች። ከውስጥ ሆና፣ "አንቱ ነዎት?" አለችኝ። እኔ ነኝ አልኋት። "ሌላ ነገር ይናገሩ" አለችኝ። የልጆቻችንን ስም ከታላቅ እስከ ታናሽ ቆጠርሁላት። ከዚያ በሩን ለቀቀችልኝ። የሆነውን ለእሷ ነገርኋት፤ ለሌላው ሰው ግን መድኃኒት ተስማማኝ እንበል ተባባልን። ማስተዋልም እንኳ አላወቀችም።

አክስቴ እምዬ ዘውዲቱ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ልሳለማቸው ስጎነበስ እንደ ልማዳቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። እጃቸው ጉንጬ ላይ ቆመ። ደግመው ዳሰሱኝ።

"አያልነህ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ብርዱ ለቀቀህ?"

እኔ ይርጋ ነኝ ማለት ነበረብኝ።

"ዋንጫውን ሰጡህ ወይ?" አሉኝ።

የጣሳዋን ነገር ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም። እሳቸውም ማኅበር ገብተው አያውቁም። ጣሳዋ ከቆጡ ላይ ስትሰቀል ሰምተዋት ይሆናል። አላውቅም።

በኅዳር ዐሥራ ሁለት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሁሉም አዩኝና እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ብርጭቆው አልቀረበም። ዋንጫው ዞሮ ደረሰኝ፣ ጠጣሁ፣ ለአያ ስሜነህ አቀበልሁ፤ ጉሮሮው ሁለቴ ተንቀሳቀሰ። ሰርጉ ወደ ጥር ተመለሰ። ማስተዋል ያን ዕለት ስትዘፍን ሰማኋት። ደስ ብሎኝ ሳቅሁ፤ ሳቄ ከፊቴ አልደረሰም። ሰው ሲቀልድ ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ የሚያየኝ ግን የተቆጣሁ ይመስለዋል። አያ ይርጋ ጠገበ፣ ኩራት ያዘው ተባለ።

ስለዚያ ፊት ልንገራችሁ። ጠዋት በውርጭ እንደ ሞራ ይረጋል፤ በጣቴ ብነካው የሌላ ሰው ነው። ፀሐይ ሲበረታ ይለሰልስና ይከብዳል። በቀኝ ጎኔ ከተኛሁ ወደ ቀኝ ያደላል፤ ስነሣ ጥሩወርቅ በመዳፏ ትመልስልኛለች፣ ዓይኗን ጨፍና። ዝንብ ቢያርፍበት አላውቀውም። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንባዬ ወርዶ ጋቢዬን ሲያረጥበው ነው ማልቀሴን ያወቅሁ። ሰው የራሱን እንባ በፊቱ ላይ ካላወቀ ያስፈራዋል፤ እኔን አስፈራኝ።

ከአንገቴ በታች ደግሞ ሕመሙ አልቆመም። ፊቴ ጠገበ፣ ሰውነቴ መጾሙን ቀጠለ። ያ ረኃብ፣ ያ ላብ፣ ያ ልብ ምት እንዳለ ነው። ከተማ አንድ ክሊኒክ ሄድሁ። ሰውየው ያበጠ ፊቴንና የከሳ እግሬን አይቶ ኩላሊትህ ነው አለኝ። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ፊቱ ያብጣል አለ። ጨው ከለከለኝ፣ ውኃ የሚያሸና ኪኒን ሰጠኝ። ፊቴ ያበጠው በመርፌ ነው ማለት አንድ ቃል ብቻ ነበር። አፍሬ አላልሁም፤ በሩ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ቆሞ ነበርና። ኪኒኑን ስውጥ ወዙ ሁሉ አለቀብኝ። ባዶ ሰው ላይ የሞላ ፊት ተሰክቶ ይሄድ ነበር። በውኃ ውስጥ ሳየው እሱ ይመለከተኛል፣ ደኅና ነኝ ይለኛል።

በታኅሣሥ፣ አውድማ ላይ በሬ ስነዳ፣ ልቤ እንደ ጫጩት ተርገብግቦ ወደቅሁ። በአውድማው የነበረው ደቦ ነው፤ አያ ስሜነህም መጥቶ ነበር። ቀድሞ ያነሣኝ እሱ ነው። በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ፣ ከዚያ በጋሪ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረሱኝ። የቀሩት ወደ እህሉ ተመለሱ፤ አያ ስሜነህ ግን አማቼን ለማንም አልሰጥም ብሎ አስታማሚ ሆኖ ቀረ። በወረፋ መጠበቂያው ላይ ጋቢውን አንጥፎ ራሴን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ስታልፍ አይታን፣ ሳንጠይቃት ባልዲዋን አስቀምጣ ገብታ ለሐኪሟ ነገረችልን። ስሟን አላውቅም። እስከ ዛሬ በጸሎቴ ያቺ ባልዲ የያዘች እላታለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ልቤን ሰማች፣ እጄን አስዘርግታ መንቀጥቀጡን አየች፣ አንገቴን ዳሰሰች። ወደ ፊቴ ስትደርስ ቆመች። የአክስቴን እጅ አስታወሰችኝ።

"አባቴ፣ ሰውነትዎ አንድ ነገር ይነግረኛል፣ ፊትዎ ሌላ ይነግረኛል" አለችኝ። "ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ፊትዎን ምን ነክቶታል?"

አያ ስሜነህ ከአልጋው ራስጌ ቆሟል፤ የእኔን ጫማ በእጁ ይዟል። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዝም ብል ሐኪሟ የኩላሊቱን ኪኒን ትሰጠኛለች፣ እኔም እሞታለሁ። ብናገር ደግሞ ሰውየው አታሎኛል፣ የሚደበቅ ነገር ባይኖረው ፊቱን አይሸፍንም ነበር ይላል፤ ልጄም ትቀራለች። ሞትን አልጠላሁትም ነበር። ግን ዓይኔን ስጨፍን ያቺ "ዋንጫውን ሰጡህ ወይ" የምትለው ድምፅ መጣች። በአያልነህ ፊት ውስጥ ተኝቼ ሁለተኛ ጊዜ ልዋሽ መሰለኝ።

"ሞልቼው ነው" አልሁ። "ቡሬ በመርፌ አስሞላሁት። ሰው እንዳይሸሸኝ ብዬ። ልጄን እንዳይመልሱብኝ ብዬ።"

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ሁሉንም ጠየቀችኝ፤ መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ዓይነት ጠርሙስ። ጠርሙሱን ባየው ጥሩ ነበር አለች። ዞር ብዬ ባይ አያ ስሜነህ የለም። ጫማዬ ከአልጋው ሥር በሥርዓት ተቀምጧል።

ያን ዕለት አልተመለሰም። ከጎኔ የተኙት በሽተኞች አስታማሚያቸው ሲያጎርሳቸው እኔ ኮርኒሱን አያለሁ። ማስተዋል ትመጣለች፣ ምን እላታለሁ እያልሁ አስባለሁ። ጉንጬ ቀዝቅዞ ነበር።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ አያ ስሜነህ አቧራ ለብሶ ገባ። ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ ጠርሙስ አወጣና ለሐኪሟ ሰጣት። ቡሬ ድረስ ወርዶ ኖሯል። ድሬሰሩ ዘግቶ ጠፍቷል፤ እሱ ከበስተጀርባ ያለውን የቆሻሻ ጉድጓድ በእጁ ምሶ አገኘው። ሐኪሟ በጓንቷ ይዛ አሸተተችው። ለሰው ሥጋ የተሠራ አይደለም፣ ዘይት ነገር ነው አለች። በትልልቅ ከተማ የተማሩ ሐኪሞች የሚወጉት፣ ፊለር የሚባል፣ እየሟሟ የሚያልቅ ነገር አለ፤ እሱም ቢሆን ያለ ምርመራ አይደረግም አለችን። ይህኛው ግን የማይሟሟ ነው። ወደ ዓይን የሚሄደውን ሥር አግኝቶት ቢሆን ታውሬ ነበር።

እሷ ስትወጣ አያ ስሜነህ ተቀመጠ።

"ለበግ እንኳ ሞራው ከራሱ ነው፣ አያ ይርጋ" አለኝ። ሳቅ አልመጣልኝም። ቆይቶ፣ "በመስከረም ዋንጫውን አልጠጣሁትም ነበር" አለ። "አውቀውብኝ ነበር?"

"አውቄያለሁ" አልሁት።

"እንግዲያስ አንቱ ፊትዎን ያስሞሉት በእኔ ነው" አለኝ።

በሽታዬ የታይሮይድ ነው ተባለ። በአንገት ውስጥ ያለች ዕጢ ናት፤ የሰውነትን እሳት የምታነድድ። ስትታመም ያለ ልክ ታነድዳለች፣ የበላኸው ሁሉ ጭስ ሆኖ ይወጣል። በአገራችን እንቅርት የምንለው ከእሷ ወገን ነው፤ የእኔው ወደ ውጭ ስላላበጠ ማንም አላየውም። ደሜን ወደ ትልቅ ከተማ ልከው አረጋገጡ፣ ኪኒን ጀመሩልኝ። በወር ውስጥ ልቤ ተቀመጠ። ረኃቡ ለቀቀኝ። ከውስጤ ሲበላብኝ የነበረው ሰው ወጣ፤ እንዲያ ነው ጥሩወርቅ የምትለው። ኪኒኑን ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ ወሰድሁ፤ ተሻለኝ ብሎ መተው የለም። ጉንጬን ባሕር ዳር ሁለት ጊዜ ቀደዱልኝ፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ኋላ ግራውን። የሚወጣው ወጣ፣ ሥጋ ውስጥ የገባው ቀረ። ዛሬም በግራ ጉንጬ ጠባሳና ሁለት አተር የሚያህሉ ጓጓላዎች አሉ። በውርጭ ጠዋት ይቀዘቅዛሉ።

ልጄ በጥር ተዳረች። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ መረቅሁ፤ ቆሜ መመረቅ ገና አልቻልሁም ነበር።

ከሰርጉ በኋላ፣ በየካቲት ዐሥራ ሁለት፣ የማኅበሩ ተራ የእኔ ሆኖ ከቤቴ ተሰበሰበ። ጉንጬ በግራ በኩል ሞልቶ በቀኝ በኩል የጎደለ ሆኖ፣ ሳልሸፍነው ተቀመጥሁ። ዳቦው ከተባረከ በኋላ ከቆጡ ላይ ጣሳዋን አወረድሁ። ጥሩወርቅ ምን ሊያደርጉ ነው ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። አጥቤ ጠላ ሞላሁባት። የአያልነህ ጣሳ መሆኗን ሁሉም አወቁ። ለወንድሜ እኔ ራሴ ከፊቱ እንዳስቀመጥኋት፣ እሱም እንደ ጠጣባት ተናገርሁ። ቀመስሁ። ጠርዟ ዝጎ የብረት ጣዕም ነበራት። ከዚያ ከፊቴ አስቀመጥኋት፤ ማንንም ጠጣ አላልሁም።

አያ ስሜነህ እጁን ዘረጋ። ጣሳዋን አነሣ፣ እኔ የጠጣሁበትን ጠርዝ ፈልጎ አዞራት። ጉሮሮውን አየሁት። ለሚቀጥለው ሰጠው፤ እሱም ጠጣ። ጣሳዋ ከአፍ ወደ አፍ እየዞረች በማኅበሩ ቄስ በኩል አልፋ፣ ባዶዋን ወደ እኔ ተመለሰች። ከጥግ፣ ከመደቡ ላይ፣ ማንም ያልነገራቸው እምዬ ዘውዲቱ፣ "ሰጡት" አሉ።

ያን ጊዜ በቀኝ ጉንጬ ላይ እንባዬ ሲወርድ አወቅሁት።